በቅኔ ተማሪ ዘዴ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማንበብ

ደብረ ታቦር ተቀምጦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያነብ ሰው ብዙ አንባቢ የማያገኘው ዕድል አለው። መጽሐፉ የሚተርከው ከአባይ ማዶ ስላለው ጎጃም ነው። ነገር ግን እርሻው፣ የቤተ ክህነቱ ማዕርግ፣ የባላገሩና የባላባቱ ኑሮ ፋርጣም፣ እስቴም፣ ጋይንትም የነበረ ነው፤ ገሚሱም ዛሬ ድረስ አለ። የአዲስ አበባ አንባቢ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው መዝገበ ቃላት ያገላብጣል። እናንተ ግን ከደጅ ወጥታችሁ የምትጠይቁት ሰው አላችሁ። ቃላቸውን ለማበልጸግ ረጅም ልብ ወለድ ለመጀመር የተነሡ ሁሉ ይህን ዕድል ሳይጠቀሙ እንዳይቀሩ ይህን መመሪያ ጽፌያለሁ።

የምመክረው ዘዴ የኔ ፈጠራ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቃል የሚያጠናበት መንገድ ነው። ተማሪው መምህሩ ግስ ሲያሰሙ ያዳምጣል፤ የሰማውን ግስ በርባ ቅምር (በግስ አረባብ ሥርዓት) ከነዘሩ ያረባል፤ በዚያው ግስ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ የቆጠረውን መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። አራት ሥራ ነው፦ መስማት፣ ማርባት፣ መቁጠር፣ መንገር። በየትምህርት ቤቱ የማየው ልማድ ግን ከመጀመሪያው ላይ ይቆማል። ተማሪው ቃሉን ከነፍቺው ደብተር ላይ ይገለብጣል፣ ደብተሩን ይዘጋል፣ በወሩ ቃሉ ጠፍቷል። ልብ ወለዱን በአራቱም ሥራ ማንበብ ይቻላል። ዋና ገጸ ባሕርይው በዛብህ ራሱ ቅኔ የተማረ ልጅ ነውና ዘዴው ለመጽሐፉ ባዕድ አይሆንበትም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ጎጃም እንዶዳም ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። ስለ የኔታና ስለ ተማሪ ሲጽፉ የኖሩበትን ነው የጻፉት፤ ቃላቸውን ማመን የሚቻለውም ለዚህ ነው። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ አለው። ለቃል የሚነበብ መጽሐፍ ቀስ ተብሎ ይነበባል፤ በቀን 6 ገጽ ገደማ ብትይዙ በሦስት ወር ታጠናቅቁታላችሁ። ከዚያ በላይ ብትሮጡ ታሪኩ ይዟችሁ ይሄዳል፤ ቃሉ ኋላ ይቀራል።

ስለ እትሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል የሚሟገቱ ሰው ነበሩ፤ በዚህ መጽሐፍም የሚጠብቀውን ፊደል ከላዩ ነጥብ አድርገው ለይተውታል። ነጥቡ ያለበት እትም ከደረሳችሁ በዓይናችሁ አትለፉት። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ከውኃ ያገባናል፣ ጠብቆ ሲነበብ አለቃ ወይም ቁም ነገር ይሆናል። «ገና»ም እንዲሁ በመጥበቅና በመላላት በዓሉን ወይም ጊዜውን ያመለክታል። አዲስ ቃል ስትማሩ የሚጠብቀውን ፊደል አብራችሁ ካልያዛችሁ ቃሉን በግማሽ ነው ያወቃችሁት፤ ሰው ፊት ስትናገሩት ያጋልጣችኋል። በደብተራችሁም ላይ ነጥቡን አኑሩ።

ነጥብ የሌለበት እትም ቢደርሳችሁ ጆሮ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል፤ ቅጂውም ዛሬ ይገኛል። ምዕራፉን መጀመሪያ በዓይናችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ወጋየሁን አዳምጡ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ድምፁ በጣም ጥሩ ስለሆነ ቀድማችሁ ካዳመጣችሁ የማታውቁት ቃል ሁሉ የምታውቁት ይመስላችኋል።

መስማት

እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ። የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ ከሥሩ ትንሽ ነጥብ አድርጋችሁ እለፉ፤ አትቁሙ። መጽሐፉ የውሰት ከሆነ ገጹንና ቃሉን ብቻ ቁራጭ ወረቀት ላይ አኑሩ። የቀኑን ገጽ ስትጨርሱ ተመለሱና ካያችኋቸው ቃላት አምስት ብቻ ምረጡ። አምስት ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ጋር ብዙ ዘመድ አብሮ እንደሚመጣ ወደ በኋላ ታያላችሁ።

በምርጫው ላይ ስሕተት የሚሠራው ጭራሽ ያልሰማነውን ቃል ብቻ ስናድን ነው። ይበልጥ የሚጠቅመው ከልጅነታችን የሰማነው፣ ተጠይቀን ግን ልናስረዳው የማንችለው ቃል ነው። ፊታውራሪ የሚለውን ያልሰማ የለም። ፊታውራሪ ከጦሩ ፊት የሚመራው አዛዥ፣ ቀኝ አዝማች የቀኙ፣ ግራ አዝማች የግራው ክንፍ አዛዥ እንደነበሩ የሚናገር ወጣት ግን ጥቂት ነው። ይህን ስታውቁ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ባላባት ፊታውራሪ መሸሻን የምታዩበት ዓይን ይለወጣል፤ የጦር ማዕርግ ይዘው ከገዛ ባላገሮቻቸው ጋር የሚጋጩ ሰው ናቸው።

ርስትና ጉልትም እንደዚያው ናቸው። ብዙ አንባቢ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ይወስዳቸዋል። ርስት ከአያት ከቅድመ አያት የሚወረስ የመሬት መብት ነው። ጉልት ግን ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት ነው፤ የጉልቱ ጌታ መሬቱን ላያርሰው፣ ላይወርሰውም ይችላል። ልዩነቱ ካልገባችሁ ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው በላይ ግብር ሲጠይቁ ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት ለምን እንደተነሣ በቅጡ አይገባችሁም፤ ጠብ የወደዱ ሰዎች ሁከት ይመስላችኋል። እነዚህ ቃላት ከዕለት ንግግር የወጡት በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ ወዲህ ነው። ዛሬ የሚገኙት በመጽሐፍና በሽማግሌ አፍ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ እያነሡ ነው። አትዘግዩ።

አምስቱን ቃል ከመረጣችሁ በኋላ ማንንም ከመጠየቃችሁ በፊት ግምታችሁን ጻፉ። ከፊትና ከኋላ ያለው ዓረፍተ ነገር ምን ይጠቁማል? ተናጋሪው ማን ነው? ተቆጥቷል ወይስ ይለምናል? ግምቱ ቢሳሳት ምንም አይደለም። ተገምቶ የታረመ ቃል ሳይገመት ከተነገረን ይልቅ ይቆያል፤ የቅኔ መምህራን ተማሪውን አስቀድመው «እስቲ ሞክር» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰው መጠየቅ

መዝገበ ቃላቱን ገና አትክፈቱ። መጀመሪያ ሰው ጠይቁ፤ ግን ቃሉ የማን እንደሆነ አስቡና ለባለቤቱ ውሰዱት።

የእርሻ ቃል ከሆነ የገበሬ ነው። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ምራን፣ ማነቆ የሚሉትን በመዝገበ ቃላት ብታገኟቸው ሁሉም «የእርሻ መሣሪያ ክፍል» ናቸው፤ ይህ ደግሞ ምንም አያስተምርም። ከጉና ግርጌ ገብስና ድንች የሚያመርት ገበሬ ግን እርሻውን አቁሞ እያንዳንዱን በጣቱ ነክቶ ያሳያችኋል፤ የትኛው ቢሰበር ምን እንደሚሆንም ይነግራችኋል። ደቦንና ወንፈልንም ለእሱ አቅርቡ። በወንፈል ዛሬ ለኔ ያረስክልኝን ነገ ለአንተ መመለስ አለብኝ፤ ደቦ ግን ድግስ ደግሶ ሰው መጥራት ነው። ይህን ልዩነት ኖሮበት የሚያውቅ ሰው እያለ ከወረቀት መፈለግ አይገባም።

የጓዳና የማጀት ቃል ከሆነ አያቶቻችሁን፣ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ጎታና ጎተራ በምን ይለያሉ? እልፍኝና አዳራሽስ? በትልልቅ ሰዎች ቤት እንግዳው እንደየማዕርጉ የት ይቀመጥ እንደነበር አንዲት አረጋዊት ሲያወሩ መስማት የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ በዓይን እንደማየት ነው።

የክስና የሙግት ቃል ከሆነ ሽምግልና የሚቀመጡ አባቶች ጋ ሂዱ። የድሮው ሙግት እሰጥ አገባ ነበረው፣ ዋስ መጥራት ነበረው፣ አነጋገሩም ራሱን የቻለ ጥበብ ነበር።

የቤተ ክህነት ቃል ሲሆን ደቡብ ጎንደር ከየትም አታንስም። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት፣ ደብረ ታቦር የአቋቋም ትምህርት የሚታወቁባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ሊቁ አለቃ ገብረ ሐናም የፎገራ ናበጋ ሰው ነበሩ። መሪጌታ፣ ደብተራ፣ ቄሰ ገበዝ፣ አለቃ የሚሉትን ማዕርጎች ልክ እንደ ሲቪል ሰርቪስ ዕድገት በአንድ መሰላል ላይ የሚደረድሩ አሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ ዜማውን ይመራል፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ይጠብቃል። የቅኔ ስሞች ሲመጡም እንዲሁ ጠይቁ፦ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት አለው። ከመምህር ጋር የሚጠፋ አንድ ሰዓት ከብዙ ቀን ፍለጋ ይሻላል። ግን ጉባኤ ላይ ሳሉ አትግቡባቸው፤ ጉባኤው ሲፈታ ቅረቡ።

አጠያየቁም ትምህርት ነው። ደብተርና ስልክ አውጥታችሁ «ይሄ ምን ማለት ነው?» አትበሉ። ገበሬው ጸሐፊ የመጣበት ይመስለውና አንድ ቃል መልሶ ዝም ይላል። ሰላምታውን አድርሱ፣ የቤተ ሰቡን የከብቱን ደኅንነት ጠይቁ፣ ከዚያ ቃሉን በወግ መሐል አምጡት። ጥያቄው ደግሞ «መቼ ይባላል? ማን ለማን ይለዋል?» ይሁን። «አባባ፣ ሰው ደጅ ጠና የሚባለው ምን ሲሆን ነው?» ብትሏቸው፣ «ጉዳይ ያለበት ሰው ከጌታ ደጅ እየተመላለሰ ሲቆም ነዋ ልጄ፤ ዛሬም ከቢሮ በር የሚቆመው እኮ ደጅ ጠኚ ነው» ዓይነት መልስ ይመጣል። በዚህ አንድ መልስ ውስጥ ፍቺው አለ፣ ታሪኩ አለ፣ የዛሬ አገባቡ አለ፣ ደጅ ጠኚ የሚል አዲስ ዘመድም ተጨምሯል።

ያገኛችሁትን ስትጽፉ ከየት እንደሰማችሁት ጨምሩ፦ ፋርጣ፣ እብናት፣ ስማዳ፣ ደራ። አንድ ቃል ታች ጋይንት ላይ ሌላ መልክ ቢኖረው ሁለቱንም ያዙ፤ አንዱን «ስሕተት» ብላችሁ አትሰርዙ።

መዝገበ ቃላቱ ሲከፈት

አሁን የሰማችሁትን አመሳክሩ። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ለእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ የባላገሩንም የካህኑንም ቃል ይዟል። የተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን» በ1951 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያዘጋጀው «አማርኛ መዝገበ ቃላት» (1993 ዓ.ም.) ለጀማሪ ይቀላል። የግዕዝ ሥር ለሚፈልግ ደግሞ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራ (1948 ዓ.ም.) አለ። የራሳችሁ ከሌላችሁ በቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ በሳምንት አንድ ቀን የሳምንቱን ቃላት ይዞ ሄዶ ማመሳከር ይበቃል።

ብዙዎች «ቃሉን አጣሁት» የሚሉት በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው የፊደሉ ተራ ነው፤ የኪዳነ ወልድ መዝገበ ቃላት የሚሄደው በሀ ሁ ሳይሆን በአበገደ ነውና መግቢያውን ሳታነቡ አትፈልጉ። ሁለተኛው ሞክሼ ፊደል ነው፤ በሀ ያጣችሁትን በሐና በኀ፣ በሰ ያጣችሁትን በሠ፣ በአ ያጣችሁትን በዐ፣ በጸ ያጣችሁትን በፀ ፈልጉ። ሦስተኛው ቃሉን ከነልብሱ መፈለግ ነው። «ስለማያስታርቋቸው» የሚል ቃል የትም አታገኙም። ስለ-ን፣ -ማይ-ን፣ አስ-ን፣ መጨረሻ ላይ ያለውን -ኣቸው-ን ገፋችሁ «ታረቀ» ላይ ድረሱ፤ ግሱ የሚቀመጠው እሱ አደረገ በሚለው መልኩ ነው።

ማርባት

ሥሩ ከተገኘ ቤተሰቡን ጥሩ። የቅኔ ተማሪ አንድ ግስ ይዞ ዘሩን ሁሉ እንደሚያወርድ፣ እናንተም ከአንድ ቃል ስድስት ሰባት ታገኛላችሁ። ከሰሰ፦ ክስ፣ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ተካሰሰ፣ አካሰሰ፣ መካሰስ። ነገሠ፦ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ንግሥ፣ ንግሥና፣ አነገሠ፣ አንጋሽ፣ መንግሥት። ርስት ራሱ ከወረሰ ቤት ነው፤ ወራሽና ውርስ ወንድሞቹ ናቸው። በቀን አምስት ቃል ያልኩት ለዚህ ነው።

ስታረቡ በልማድ የማይባል ቃል ልትፈጥሩ ትችላላችሁ፤ ሕጉ ቢፈቅድም ሰው የማይለው ቃል አለ። ስለዚህ ያወረዳችሁትን ጮክ ብላችሁ ለአንድ ትልቅ ሰው አንብቡለት። ፊቱን ካጨፈገገ ሰርዙት።

ፈሊጥ ግን አይረባም፤ እንዳለ ነው የሚያዘው። «እጅ ነሣ» አክብሮ ሰላምታ መስጠት ነው፣ «ፊት ነሣ» ግን ማስቀየም። ሁለቱም ላይ «ነሣ» አለ፤ ግሱን ብቻውን ብታውቁት ግን አንዱንም አይፈታላችሁም። ለፈሊጥ በደብተራችሁ መጨረሻ ላይ ለብቻው ገጽ ክፈቱ። ለዚህ የአምሳሉ አክሊሉና የዳኛቸው ወርቁ «የአማርኛ ፈሊጦች» አለላችሁ።

መቁጠር

አዲሱን ቃል የራሳችሁ አድርጉት። የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር አትገልብጡ፤ በመጽሐፉ አገባብ ሳይሆን በራሳችሁ ኑሮ ውስጥ አስገቡት። «ለግብር ውል ደጅ ስጠና ከረምኩ።» «ውርጩ ገብሱን ስለመታው በዚህ ዓመት ጎተራው ባዶ ነው።» «ወንድማማቾቹ ሲካሰሱ ኖረው በሽማግሌ ታረቁ።» በእያንዳንዱ ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ አንዱ ለሽማግሌ የምትሉት፣ አንዱ ለጓደኛ። ቃሉ ለአንዱ ብቻ የሚመች ከሆነ ያንንም ጻፉት፤ አንዳንድ ቃል የአደባባይ ነው፣ አንዳንዱ የማጀት፣ አንዳንዱም ሰው ፊት የማይባል።

መንገር

በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ተገናኙ። የቅኔ ቤቱን ነገራ አስቡ፤ ተማሪው የቆጠረውን ይዞ ይቆማል እንጂ ወረቀት አያነብም። ከእናንተ አንዱ የሳምንቱን ምዕራፍ ደብተር ሳያይ ይተርክ፣ የሳምንቱን ቃላት በየቦታቸው እያስገባ። ሌሎቹ የገቡትን ቃላት ይቁጠሩ፤ ያልገባ ቃል ካለ፣ ያለ ቦታው የገባም ካለ ይናገሩ። ጉዱ ካሳ የተባለው ገጸ ባሕርይ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር የሚከራከርበት ክፍል ላይ ስትደርሱ ለሁለት ተከፍላችሁ ተሟገቱ፤ በሙግት መሐል የወጣ ቃል አይረሳም።

ለክለሳው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ይረዳል። የሚጠና ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ እየተራራቀ የተከለሰ ደግሞ ይቆያል። ስለዚህ ቃሉን በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩ አንሡት። ስትከልሱ ፍቺውን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ነው። ያነበባችሁትን ደግሞ ማንበብ መከለስ አይደለም።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋችሁ ለሆነ

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ለሚመጡ ተማሪዎች መንገዱ ትንሽ ይለያል። ለእናንተ የድምፁ ቅጂ መቅደም ይችላል፤ መጥበቅና መላላቱ ጆሯችሁ ውስጥ ይግባ። በቀን ሁለት ገጽ ይበቃል። ከማዕርግና ከቤተ ክህነት ቃላት አትጀምሩ፤ አማርኛ አፉን የፈታበት ልጅም እነሱን አያውቃቸውም። በዕለት ንግግር ከሚመለሱት ግሶች ጀምሩ። የከተማ ጓደኛችሁን በበዓል ቀን ወደ ቤተሰቡ አገር ይዟችሁ እንዲሄድ ለምኑት፤ እናቱ ቤት የሚሰማውን አማርኛ ክፍል ውስጥ አታገኙትም። በቋንቋችሁ ተመሳሳይ ሥርዓት ካለ፣ ለምሳሌ ለወንፈል፣ የእናንተንም ስም ከጎኑ ጻፉ።

ከዚያ በኋላ

መጽሐፉን ስትጨርሱ ደብተሩ ውስጥ ከ400 በላይ ቃል ሊኖር ይችላል። በየወሩ እየከለሳችሁ ቀጥሉና ወደ አገራችሁ መጽሐፍ ዙሩ። አቤ ጉበኛ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የጻፈው «አንድ ለናቱ» በ1961 ዓ.ም. የወጣ ነው። ንጉሡ ደብረ ታቦርን መቀመጫ አድርገዋታል፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ ነው ቀልጦ የተሠራው። ለዚህኛው አዲስ ደብተር ክፈቱ። የመጀመሪያው ገጽ የጦር ሠፈርና የቤተ መንግሥት ቃላት ይሁን፦ ነጋሪት፣ እምቢልታ፣ ጓዝ፣ ስንቅ፣ ነፍጥ፣ ዘበኛ፣ ደንገጡር። ከሰባቱ የስንቱን ፍቺ ያለ መዝገበ ቃላት እንደምታውቁ ዛሬውኑ ግምታችሁን ጻፉና ጋፋት አካባቢ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ፈልጉ።